የእምዬ መርፌና የሰቆጣ ዘመን

«ታሪክ ጻፉ ብንላችሁ ስለ አያታችሁ ጻፋችሁ እንዴ?» ብለው የሚስቁብን ጓደኞች እንደሚኖሩ ከወዲሁ እናውቃለን። ይሳቁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በአንድ ግቢ የምንማር ሦስት ዘመዳሞች ነን። ሁለታችን የልጅ ልጆቿ ነን፤ ሦስተኛው የልጅ ልጅ ልጅዋ ነው። ስለ ዋግ ታሪክ አንድ ነገር እንጻፍ ብለን ስንነሣ፣ እያንዳንዳችን ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነው የዋግ ሹሞችን የትውልድ ሐረግ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌ ከእገሌ ጋር ተዋጋ፤ እገሌ ታሰረ። ደጉን ነገር አንካድ፤ ይህም መታወቅ አለበት። ዳሩ ግን እነዚያ ሁሉ ሹማምንት ልብስ ለብሰው ነበር እኮ! ልብሱን ማን ፈተለው? ማን ሰፋው? ይህን የሚመልስልን መጽሐፍ በማጣታችን ወደ ቤታችን ተመለስን። ቤታችን ውስጥ ደግሞ እምዬ ነበረች።

እምዬ እያልን በአንቺታ የምንጽፈው አክብሮት ጐድሎን አይደለም። ቤተሰቡም ጎረቤቱም እምዬ ነው የሚላት። አሁን ተነሥተን «እሳቸው» ብንላት ከመቃብር ቀና ብላ የምትስቅብን ይመስለናል።

ሀ. ሰቆጣ

አንባቢያችን ሰቆጣን ላያውቃት ይችላልና ጥቂት እንበል። ሰቆጣ በዋግ ኽምራ ከፍታ ላይ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል አገሩ ወደ ተከዜ ቈላ ይወርዳል። ዝቋላ፣ አበርገሌና ሰሐላ በዚያ በኩል ናቸው፤ ደሃናና ጋዝጊብላ በደጋው በኩል። አገሩ ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ሰዉ ከእርሻው ሌላ በፍየልና በንብ ይኖራል። የአበርገሌን ፍየልና የዋግን ማር ያልሰማ ጥቂት ነው።

የአገሩ ሰው ቋንቋ ኻምጣንጋ ነው፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከአዊ፣ ከቅማንትና ኤርትራ ውስጥ ካለው ብሌን ጋር ይዛመዳል። በልማድ እንደሚነገረው በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ሲይዝ፣ ከዛጉዬ ዘር ለቀሩት የዋግ ግዛት ተተወላቸው፤ የዋግ ሹምነትም ከዚያ ወዲህ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በዘር ተላለፈ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። በዚያ የጥንት ሰዎች አስክሬን እስከ ዛሬ በሣጥን ተቀምጦ ይታያል።

ሰቆጣን ግን ትልቅ ያደረጋት ሹመት ብቻ አልነበረም፤ ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሃ በግመል የወጣው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል አልፎ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከሰቆጣ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይበተናል። አሞሌ በዚያን ጊዜ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ የሚፈለግ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። ከማርትሬዛው ብር ጎን ለጎን ሰው የሚገበያይበት፣ ለከብትም ለሰውም የሚበላ ገንዘብ! ነጋዴው ጨው ይዞ ሲመጣ በምላሹ ከሚወስደው አንዱ ጥጥና የጥጥ ልብስ ነበር። እንግዲህ የፈትል ነገር ሰቆጣ ላይ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። የአሞሌው የንግድ መስመር አንዱ ጫፍ በሴቶች እንዝርት ላይ ታስሮ ነበር።

ለ. ከጥጥ እስከ ሸማ

እምዬ የተወለደችው ጣሊያን ከገባ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዓመቱን የምናውቀው በወረቀት አይደለም። እናቷ «ደጃዝማች ኃይሉ ሲወድቁ አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር» ትላት ስለነበረ ነው። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ናቸው። ጣሊያንን ሲዋጉ ቆይተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ቅድመ አያታችን ስለዚያ ወራት ስትናገር አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር አሉ፤ የአገሩ ሴት ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሐዘን በዋግ የሚጻፈው በነጠላ አለባበስ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

እምዬ በሰባት ዓመቷ እንዝርት ጨበጠች። የጥጥን ሥራ ከመጽሐፍ ስናነብ አንድ መስመር ነው፤ ከእሷ ስንሰማው ግን የክረምት ሥራ ነው። መጀመሪያ ጥጡ በድንጋይና በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። ከዚያ ይባዘታል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በግራ እጅ ተይዞ፣ እንዝርቱ በቀኝ እጅ ጭን ላይ እየተሽከረከረ ይፈተላል። የተፈተለው ክር ይለቀቃል፤ ልቃቂት ይሆናል። ድሩ ጠንከር፣ ማጉ ለስለስ ያለ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የሴቷ ሥራ ያበቃል፤ ልቃቂቱ ሸማኔ ቤት ይሄዳል። ሸማኔው ወንድ ነው።

አንድ ጊዜ ለአንድ ጋቢ ስንት ቀን ይፈተላል ብለን ጠይቀናት ነበር። «ቀን?» አለችን። «በቀን ማን ይፈትላል ብላችሁ! ቀን ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ወፍጮ አለ። ፈትል የማታ ነው፤ ሰው ሲተኛ።» ይህን ስትነግረን ቀላል ነገር መስሎን አለፍነው። በኋላ ስናስበው ግን ገረመን። ጋቢ ለብሶ የዘመተ ወታደር ሁሉ የአንዲት ሴት ብዙ ሌሊት ለብሶ ነው የዘመተው። ዋግ ሹም ጓንጉል በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ፣ ቀጥሎም የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የዋግን ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። ከዚያ በፊት ዋግ ሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ደግሞ አሰም ላይ በካሣ ምርጫ ሲሸነፉ፣ በሁለቱም ጊዜ ከኋላቸው የቆመው ጦር በዚያው እንዝርት የለበሰ ነው። ደሞዝ ያልነበረው ጦር ልብሱን ከየት አመጣው? ከየቤቱ ነዋ።

በዚህ መካከል የባሕር ማዶ ልብስ መግባቱን መዘንጋት አይገባም። አቡጀዲ የምንለው ያልተነጣ የጥጥ ጨርቅ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በብዛት ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ በኋላ የሕንድ፣ ከ1920ዎቹ ወዲህ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘው። አቡጀዲ ይዞት የመጣው ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ ስፌትን ይዞ መጣ። ሸማ እንደተሸመነ ይለበሳል፤ መርፌ እምብዛም አይፈልግም። አቡጀዲና ካኪ ግን ተቆርጦ ተሰፍቶ ነው ልብስ የሚሆነው። ከዚህ የተነሣ በየገበያው በረንዳ ላይ አዲስ ባለሙያ ተቀመጠ፤ ልብስ ሰፊ። እሱም ወንድ ነበር።

ሐ. መኪናዋ

የልብስ ስፌት መኪና ነገር እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ኢሳቅ ሲንገር በ1851 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ የሚባል ቦታ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። እኛ ቤት ያለችው ጥቁር መኪና በደረቷ ላይ በወርቅ ቀለም የተሣለ የግብፅ ስፊንክስ አላት። የሰቆጣ ሰው ግን «አንበሳዋ» ይላታል። አሠራሯ ከሸማኔው ሥራ ይዛመዳል። የመርፌዋ ቀዳዳ ጫፏ ላይ ነው፤ የላይኛውን ክር ይዛ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከታች ትንሽ መንኮራኩር ላይ የተጠቀለለ ሌላ ክር አለ፤ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋሉ። «ይቺም ድርና ማግ አላት» ትል ነበር እምዬ።

መኪናዋን የገዛት ባሏ፣ ማለት አያታችን ነው፤ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ፍየልና ማር ሸጦ። እሱ ልብስ ሰፊ ነበር። በገበያ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል፤ እሷ ቤት ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች፣ ካውያ ታግላለች። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ግን ዓይኑ ደከመ። ክር በመርፌ ማስገባት ተሳነው። ታዲያ ቤቱ ምን ይብላ?

ከዚህ በኋላ ያለውን የቤተሰቡ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። አያታችን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ልክ ይወስዳል፤ ጨርቁን ያጥፋል። ማታ በሩ ተዘግቶ፣ ኩራዝ በርቶ፣ እምዬ ትሰፋለች። ሲነጋ ሱሪው ተሰፍቶ በረንዳው ላይ ይሰቀላል። «የእገሌ ባል እጁ እየተሻለው ሄደ» ይባል ጀመር። አራት ዓመት ያህል የሰቆጣ ሰው እሷ የሰፋችውን ለብሶ እሱን አመሰገነ። ግብሩም በሱ ስም ነው የሚከፈለው። «አልከፋሽም?» ብለናት ነበር። «ምን ይከፋኛል፤ ልጆቼ በሉ» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ «አንድ ቀን ብቻ ከፍቶኛል» አለች። አንዲት ጎረቤት የልጇን የሰርግ ልብስ ይዛ መጥታ፣ «ባልሽ እኮ እጁ ወርቅ ነው፤ አንቺስ ምነው ሳትማሪለት?» ብላት ነው።

አያታችን በ1961 ዓ.ም. አረፈ። አርባው እንደወጣ እምዬ መኪናዋን አሸክማ ወጣች፤ በረንዳው ላይ በሱ ቦታ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ገበያ ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። በሦስተኛው ገበያ አንድ ሰው የተቀደደ ካኪ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ወደሷ ሳያይ ጣለላት። ጣፈችለት። ሰውየው ጥፉን ገልብጦ አየ፤ እንደገና አየ። ከዚያ ምን እንዳለ እሷ ስታወራው ሁልጊዜ እየሳቀች ነው፤ «ይህን እጅማ አውቀዋለሁ!»

መ. የቋጠሮ መዝገብ

እዚህ ላይ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገንን ነገር እንናገር።

እምዬ ፊደል አልቈጠረችም። ልብስ ሰፊ ደግሞ የሰው ልክ መመዝገብ አለበት። ባሏ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ዘዴ አበጀች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ረዥም የፈትል ክር ትወስዳለች። አንገቱ ላይ ትለካና ትቋጥራለች፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ክንዱ፣ ወገቡ፣ ቁመቱ፤ በየመጨረሻው አንድ ቋጠሮ። ክሩን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ላይ ትሰቅለዋለች። የማን እንደሆነ እንዴት ታውቃለች? ጫፉ ላይ ከዚያ ሰው ልብስ የተቆረጠች ትንሽ እራፊ ታስራለች። ሰማያዊ እራፊ ያላት የእገሊት ናት፤ ካኪዋ የእገሌ ናት። ልጅ ሲያድግ ቋጠሮው ይፈታና ወደ ፊት ይገፋል። ሰው ሲከሳም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቋጠሮ ስትቋጥር ደግሞ ትቈጥራለች፤ የምትቈጥረውም በኻምጣንጋ ነው። እኛ ከቁጥሮቹ አንዱንም አናውቅም። ልጆቿ በኻምጣንጋ ሲያናግሯት በአማርኛ ትመልስላቸው ነበር። «አማርኛ ልመዱ፤ ትምህርት ቤት ይስቁባችኋል» ትላቸዋለች። በዚያን ዘመን እውነቷን ነበር፤ ትምህርቱም ችሎቱም በአማርኛ ነው። ኻምጣንጋ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። ለቤታችን ግን ዘግይቶ ነበር። ዛሬ ያገራችንን ቋንቋ ከሌላ ሰው እንማራለን።

እምዬን እንወዳታለን እንጂ አናመልካትም። ስለዚህ ይህንንም እንጽፋለን። አንዷ ልጇ የሸማኔ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ እምቢ አለች። ዕድሜ ልኳን ሸማኔ የሠራውን ስትቆርጥ፣ ስትሰፋ የኖረች ሴት «ከሸማኔ ጋር አልዛመድም» አለች! ባለ እጅን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ በሽታ ነው። አንጥረኛውን ቡዳ፣ ፋቂውን ወራዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚሰድበው ያው እነሱ የሠሩትን የሚለብሰውና የሚያርስበት ሰው ነው። እምዬም ከዚህ አልወጣችም። እሷ ራሷ ሴት ሆና በረንዳ በመቀመጧ የተናቀች ስለነበረች፣ ሌላውን ከመናቅ ያድናት ነበር ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። አላዳናትም። ያቺ አክስታችን ሌላ ሰው አገባች፤ እስከ ዛሬም ስለዚህ ነገር ሲነሣ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሠ. 1977

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሀብ ተማሪ የሆነ ሁሉ ማወቅ አለበት። የያኔው ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረሀቡን ፎቶግራፍ አምጥተው በማሳየታቸው ነው የተደበቀው የወጣው። በዚያ ጊዜ ዋግ የወሎ አውራጃ ነበረች፤ ቤታችንም ተጐዳ፤ ግን ተረፈ። 1977 ዓ.ም. ግን ሌላ ነበር።

ዝናቡ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ደጋግሞ ቀርቷል። በዚያ ላይ ጦርነት ነበር፤ በደርግ ሠራዊትና በአማፅያኑ መካከል አገሩ የውጊያ ሜዳ ነበር፤ መንገድ ይዘጋል፣ እህል አያልፍም። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። ልብሱን ሊሸጥ የሚመጣ ሰው በዛ። እምዬ የመኪናዋን እግር፣ ማለት የብረት መርገጫውንና ጠረጴዛውን፣ በጥቂት ቁና ማሽላ ሸጠች። ራሷን ግን አልሸጠችም። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከቋጠሮው ክር ጋር በቤቱ ወለል ሥር ቀበረቻት። ከዚያም ከልጆቿና ከአንድ ትንሽ የልጅ ልጇ ጋር በእግር ወደ ኮረም ሄደች።

ኮረምን ዓለም ያውቀዋል። ማይክል ቡርክና ሞሐመድ አሚን የቀረጹት ፊልም በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። እኛም አይተነዋል፤ ኢንተርኔት ላይ አለ። ስናየው አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንፈልገው፤ የሷን ፊት። አላገኘነውም። በዚያ ማለዳ ጉም ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ነጠላና ጋቢ ለብሷል፤ ፊት አይለይም።

ስለ ኮረም የነገረችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም ሳንጠይቃት። ኪሷ ውስጥ አንዲት መርፌ ነበረች። በየማለዳው የሞተ ሰው ይነሣል፤ መግነዣ የለም፤ ጆንያ ነው ያለው። የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ እየተረተረች፣ ለሰው ቁመት እየገጣጠመች ትሰፋ ጀመር። ያዘዛት የለም። «ሰው ሳይሰፋለት አይቀበርም ብዬ ነው» አለች። ክሯ ሲያልቅ ከራሷ ነጠላ ክር መዘዘች። መጀመሪያ ጥለቱን፣ ቀጥሎ ማጉን። ነጠላዋ እያጠረ ሄዶ አንገት ላይ የምትጠመጠም ቁራጭ ቀረች። የመጨረሻው ክር ያለቀው የልጅ ልጇ ላይ ነው። ሦስት ዓመቱ ነበር። ከእኛ በፊት የተወለደ ወንድማችን ነው።

ይህን ነግራን ሻይ ቀዳችልን።

ረ. ከዚያ በኋላ

በ1978 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመለሱ። ቤቱ ጣሪያ አልነበረውም፤ መኪናዋ ግን ከወለሉ ሥር ወጣች። ዝጋለች፤ በኑግ ዘይት አጥባ አሠራቻት። እግር ስላልነበራት የእጅ መዘውር ተገጠመላት፤ በቀኝ እጅ እያዞሩ በግራ እጅ ጨርቅ መግፋት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በእጅ ሰፋች።

የቋጠሮውም ክር ወጣ። ሰው ሲመለስ ክሩ ይፈለጋል፤ ያልተመለሰው ሰው ክር ችካሉ ላይ ይቀራል። ልጆቿ «ፍቺውና ክሩን ለሥራ ይሁን» ሲሏት አልፈታችም። ክር ወርቅ በሆነበት ዓመት እንኳ አልፈታችም። ቀስ በቀስ የሙታኑ ክር ከሕያዋኑ በለጠ። እሷም ሁለት ችካል ተከለች፤ አንዱ ለሚመጡት፣ አንዱ ለማይመጡት።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሥራዋ ዩኒፎርም ሆነ። ትምህርት ቤት በየቀበሌው ሲከፈት፣ በየዓመቱ ነሐሴና ጳጉሜን ሌሊቱን ሙሉ ትሰፋ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰልባጅ መጣ። ከደሴ በጭነት መኪና የሚመጣው አሮጌ የፈረንጅ ልብስ ከእሷ የእጅ ዋጋ ይረክሳል። ቀጥሎም የቻይና ልብስ፣ በመጨረሻም ነጠላ መስሎ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ ገበያውን ሞላው። እምዬ በጣቷ እያሻሸች «ይሄ ጥጥ አይደለም፤ እሳት ሲነካው ይቀልጣል» ትላለች። ደንበኞቿ ጥቂት አሮጊቶችና የተቀደደ የሚያስጥፉ ልጆች ብቻ ሆኑ። የሠራችው ዋጋ አነሰ፤ እሷ ግን አላቆመችም። በ2011 ዓ.ም. እስካረፈችበት ሳምንት ድረስ የሰው እጅጌ እየጣፈች ነበር።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ደረሰ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በከተማዋ መጠለያ ቆዩ። በዚያ ጊዜ ያቺ አክስታችን፣ ለሸማኔው ልጅ ያልተሰጠችው፣ መኪናዋን አውጥታ የተፈናቃይ ልጆችን ልብስ በነፃ ትጥፍ ነበር። ማን አዘዛት? ማንም።

ሰቆጣን ዛሬ በዓለም የሚያውቋት በረሀብ ስሟ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ያወጣው ቃል ኪዳን እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የሚባለው። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ይፈጸም ዘንድ እንመኛለን። እኛ ግን የከተማችን ስም በሌላም ነገር እንዲነሣ እንፈልጋለን፤ በአሞሌዋ፣ በማሯ፣ በውቅሯ፣ በፈትሏ።

ሰ. ለአንባቢያን

እምዬ ካረፈች በኋላ ሁለቱን ችካል አወረድን። የቋጠሮው ክር አንድ ጆንያ ሞላ። አክስታችን እራፊዎቹን እያየች የአሥራ አምስት ያህል ሰዎችን ክር ለየች። የቀረውን የሚያውቅ የለም። እያንዳንዱ ክር አንድ ሰው ነው፤ አንገቱ ይህን ያህል፣ ክንዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል። ስሙ የለም። ከመካከላቸው በጣም አጭር የሆነች፣ ነጭ እራፊ የታሰረባት አንዲት ክር አገኘን። አክስታችን ከእጃችን ወስዳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት፤ አልጠየቅናትም።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ታሪክ ነው ወይስ ትዝታ? የዋግ ሹሞች ታሪክ የተጻፈው ጸሐፊ ስለነበራቸው ነው። የሰቆጣ ሕዝብ ጸሐፊ አልነበረውም፤ አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ነበረችው፤ በምትችለው ጽሕፈት ጻፈችው። ማንበብ ያልቻልነው እኛ ነን። ኻምጣንጋውን አልተማርንም፣ በሕይወት ሳለች ችካሉ አጠገብ ተቀምጠን «ይሄ የማን ነው?» ብለን አንድ በአንድ አልጠየቅናትም። አምስት ክረምት ለእረፍት ሄደን ሻይዋን ጠጥተን ተመልሰናል። ይህ ጥፋት የራሳችን ነው።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፣ ልመናችን አጭር ነው። በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ከጋሞም ሁኑ ከወለጋ፣ ከሐረርም ሁኑ ከጎንደር፣ በየቤታችሁ አንዲት እምዬ አለች። አንዷ ትፈትላለች፤ አንዷ ሸክላ ትሠራለች፤ አንዷ እንጀራ ጋግራ ሸጣ አስተምራችኋለች። እጇን እያያችሁ ጠይቋት። የምትለውንም በምትናገርበት ቋንቋ፣ እንደምትለው ጻፉት። «ምን አለኝና» ብትላችሁ አትመኗት።

እኛም በመጪው ክረምት ጆንያውን ተሸክመን በሰቆጣ ገበያ ዳር እንቀመጣለን። እምዬ ትቀመጥበት የነበረው በረንዳ አሁንም አለ። የሚያልፈውን ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ «ይህቺን እራፊ ያውቋታል?» እያልን እንጠይቃለን። የአንድ ሰው ስም እንኳ ብናገኝ በዚህ መጽሔት እናወጣዋለን።